ዓሊማ ደህና ናት

ቢቸና፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ አብዱልዋሂድ፣

ክረምቱ እንዴት ወጣላችሁ? እርስዎ እንዴት ነዎት? እትዬ ዓሊማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆት በቀር ያመመኝ የለም።

«ልጅቷ ሞታለች ወይስ አግብታለች?» ብለው አስጠይቀውኛል። ሾፌሩ ይታያል የአይሱዙውን ሞተር እንኳ ሳያጠፋ ነው መልእክትዎን የነገረኝ። አልሞትኩም፤ አላገባሁምም። መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ሳቅሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን አለቀስኩ። ቢቸና ተመድቤ ከመጣሁ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የጻፍኩላችሁ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። የሞጣ ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ደግሞ የእትዬ ዓሊማን ድምፅ መስማትም ቀረ። ለመስቀል እመጣለሁ ብዬ ሳልመጣ ቀረሁ። መንገዱ ተዘግቶ ነበር ብል ውሸት አይደለም። ግን ከመዘጋቱ በፊትም ሻንጣዬን አላነሳሁም ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ ሞጣ ላይ ከእናንተ ቤት ሌላ የማንኳኳው በር የለኝም፤ ያንን በር ሳስብ ደግሞ የአባቴ የተዘጋ በር አብሮ ይመጣብኛል። ይቅር ይበሉኝ።

አሁን የምጽፍልዎ ለአንድ ብርቱ ጉዳይ ነው። ከመናኸሪያው እስከ ሆስፒታሉ ያለው መንገድ ሊታደስ ታስቧል። የማዘጋጃ ቤት ኃላፊያችን አቶ ስጦታው በስብሰባ ላይ «ሐሳብ ያለው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ያቅርብ» ሲሉ ሳላስበው እጄን አወጣሁ። «ለብስክሌትም ቦታ ቢኖረው» አልኩ። አንዱ ሳቀ። ሌላው «ብስክሌት እኮ የድሮ ነገር ነው፤ አሁን ባጃጅ አለ» አለ። አቶ ስጦታው ግን «ጻፊና አምጪ» አሉኝ።

ልጽፍ ቁጭ ስል የማውቀው ሁሉ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ሆነብኝ። መጽሐፉ የሌላ አገር ነው፤ ቢቸናን አያውቃትም። ስለ ብስክሌት የሚያውቅ አንድ ሰው አለኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞጣ ገበያ ዳር ተቀምጦ የሰው ብስክሌት የጠገነ። ጋሼ፣ አንድ ከተማ ለብስክሌት እንዲመች ምን ይደረግ? የመሰለዎትን ሁሉ ይጻፉልኝ፤ አያሳጥሩት።

እትዬ ዓሊማን ሁለት ጊዜ ይሳሙልኝ።

ልጅዎ አርሴማ


ሞጣ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አርሴማ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ በጠራራ ፀሐይ ሱቄን ዘግቼ ገባሁ፤ የታመምኩ መስሏቸው ሁለት ጎረቤቶች መጡ። ይቅርታ የጠየቅሽበትን ቦታ ደግሜ አላነበብኩትም። የጠፋ ልጅ ሲመጣ የት ነበርሽ አይባልም፤ ግቢ ነው የሚባለው።

ዓሊማን ጠይቀሻል። ዓሊማ ደህና ናት። ጉልበቷም አያማትም።

ወደ ጉዳይሽ ልግባ። የእጅ ጽሑፌን ታገሺው፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። አንቺ የጻፍሽልኝ ስለ መንገዱ ስፋት ነው። እኔ ስፋት አላውቅም፤ የማውቀው ስብራት ነው። የተጣመመ ጎማ ሲመጣልኝ ሁልጊዜ የት እንደ ወደቀ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ሰው የጎርፍ ቦይ ክዳን ላይ ነው የሚለኝ። ክዳኑ ላይ ውኃ እንዲገባበት የሚተውለት ክፍተት አለ። ክፍተቱ ከመንገዱ ጋር አብሮ ከሄደ የብስክሌት ጎማ ይውጣል። መንገዱን አቋርጦ ከተኛ ግን ጎማው ከላዩ ያልፋል። እዚህ ሞጣ ስንት ጥርስ እንደ ረገፈ እኔ ነኝ የማውቀው። አዲስ ክዳን አትጠይቂ፤ ያለውን ማዞር ነው።

ቀጥሎ ማዕዘኖቹን እዪ። ባጃጁ ሰው ለመጫን ድንገት ጠርዝ ይይዛል፣ ብስክሌተኛው ሸሽቶ ወደ መሀል ይወጣል፣ መሀል ላይ ያ የይታያል አይሱዙ አለ። ባጃጆቹን አባርሪ አላልኩሽም፤ እነሱም ልጅ ያሳድጋሉ። ከማዕዘኑ ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ መቆሚያ ስጫቸው። ዳገቱንም አትርሺ። ዳገት ላይ ማንም አይሰበርም፤ ሰው ብስክሌቱን የሚጠላው ግን ዳገት ላይ ነው። ወገቡ ላይ ዛፍ ትከዪ። ወርዶ እየገፋ የሚሄድ ሰው ጥላ ካገኘ ነገም ይዞት ይወጣል። ሆስፒታሉ በር ላይ፣ ገበያው በር ላይ ብስክሌት የሚታሰርበት ብረት ይቁም። ሰው ያሰረውን ነገር ተመልሶ እንደሚያገኘው ካላመነ በእግሩ ነው የሚመጣው።

የእኔ ሱቅ ፀጥ ብሏል። ግድግዳው ላይ ዘጠኝ ብስክሌት ተሰቅሏል፤ ተጠግነው አልቀዋል፤ ባለቤቶቻቸው አልመጡም። አንዳንዱ ባጃጅ ገዝቷል፣ አንዳንዱ አገር ለቋል፣ የአንዳንዱን አልጠይቅም።

ያልጻፍሽልኝን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዘጠነኛ ክፍል ስትገቢ ከሦስት ብስክሌት አንድ አድርጌ የገጣጠምኩልሽ ቢቸና አብሮሽ ሄዷል። ትነጂዋለሽ ወይ?

አብዱልዋሂድ


ቢቸና፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ አብዱልዋሂድ፣

እንደምን ከረሙ? ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት። ለእትዬ ዓሊማ እግዚአብሔር ይመስገን። የጉልበታቸው ሕመም እንዲህ የተዋቸው ምን አግኝተው ነው? መድኃኒቱን ይንገሩኝ፤ አከራዬ ወይዘሮ ባንቺዓለምም እንደሳቸው ነው የሚያማቸው።

«ብስክሌቶቹን ቆጥረሻቸዋል ወይ?» ብለው በይታያል የላኩትን ጥያቄ ስሰማ አፈርኩ። አልቆጠርኩም ነበር። በማግሥቱ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሆስፒታሉ መገንጠያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ አሥራ አንድ። ሠላሳ ስምንት ብስክሌት። በገበያው ቀን ስልሳ አንድ። የቦዩን ክዳንም አየሁት፤ እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ክፍተቱ ሁሉ ከመንገዱ ጋር ነው የሚሄደው። አሥራ አራቱ እዚያችው መገንጠያ ላይ ናቸው። አንድ ሽማግሌ ስለካ አይተውኝ «ልጄ፣ ምን ጠፋብሽ?» አሉኝ። «ጎማ የሚውጡትን ነው የምፈልገው» ብላቸው «አንዱ የኔን ውጦብኛል፤ ያውልሽ» ብለው በከዘራ አሳዩኝ።

በሁለቱ ቀን ከቆጠርኳቸው ሁሉ ሴት አንዲት ብቻ ናት። እሷም አትነዳም፤ ትገፋለች። ተከትያት ሄድኩ። ወለተ ሐና ትባላለች፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቤቷ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ጓደኞቿ አራት አራት ሆነው ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይተው፣ እሑድ እሑድ ከቤታቸው ስንቅ እያመጡ ነው የሚማሩት። እሷ የወንድሟን ብስክሌት ይዛ ከቤቷ ትመላለሳለች። የከተማው መግቢያ ላይ ትወርድና ትምህርት ቤቷ ድረስ ትገፋዋለች።

«ከተማ ውስጥ ለምን ትወርጃለሽ? መንገዱ ያስፈራሻል?» አልኳት።

«ኧረ መንገዱ ምንም አይል» አለችኝ። «ገጠር የሚያየኝ ከብት ነው፤ እዚህ ሰው ነው።»

ጋሼ፣ ለክዳኑ መላ ነገሩኝ፤ ለዚህስ? የሰው ዓይን የትኛው ፕላን ላይ ይሣላል?

ስለ እኔ ብስክሌት የጠየቁኝን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። ጤና ይስጥልኝ። እትዬ ዓሊማ አንድ ቃል እንዲልኩልኝ ይንገሩልኝ፤ ምንም ቢሆን፣ ቁጣም ቢሆን።

አርሴማ


ሞጣ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አርሴማ፣

ሰላም ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ዓሊማም ደህና ናት። የጉልበቷ መድኃኒት እዚያ የሚገኝ አይደለም፤ ለወይዘሮ ባንቺዓለም በሞቀ ውኃ ያሹላቸው።

የልጅቷን ነገር አነበብኩ፤ ብዙ አሰብኩ። የሰው አፍና የሰው ዓይን በኮብልስቶን አይነጠፍም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አባትሽም ያውቀው ነበር፤ አንቺ ግን አልተወለድሽም። እኔና ዓሊማ በተጋባን በዓመቱ ብስክሌት መንዳት አስተማርኳት። ቀሚሷ ፔዳሉ በሚያዞረው ካቴና ውስጥ እንዳይገባ እኔ ራሴ ከቆርቆሮ መከለያ ሠራሁላት። ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ከቤታችን እስከ ሱቄ ምሳዬን ይዛ ትመጣ ነበር። ሰው ቆሞ ያያል። አንዳንዱ ሱቁን ትቶ ይወጣል። ሽማግሌዎች አባቴ ዘንድ ሄደው «ልጅህ ሚስቱን መጫወቻ አደረጋት» አሉ። አባቴ ተቆጡ። እኔም ፈራሁና «ትንሽ ቆይተሽ ነጂ፤ ይረሱታል» አልኳት።

እሷ ግን አልፈራችም። ጎረቤታችንን ዘሚራን አስተማረቻት። ዘሚራ እህቷን አመጣች። አንድ ቀን አራት ሆነው በሱቄ ፊት አለፉ፤ ያን ቀን ከሱቁ የወጣ ሰው የለም። ዓሊማ ሁልጊዜ ትል ነበር፤ «አንድ ሴት ስትሄድበት ትርዒት ነው፤ አሥር ሴት ስትሄድበት መንገድ ነው።»

ስለዚህ ፕላንሽ ላይ ይህንን ጻፊ። ልጅቷን ብቻዋን ንጂ አትበያት። ባልንጀራ ፈልጊላት። አብረው የሚማሩበት ሜዳ፣ አብረው የሚገቡበት ሰዓት ይኑር። ከመንገዱ ጠርዝ በኖራ የተቀባ ድንጋይ ደርድረሽ ለብስክሌት የምትለዪው ቦታም ሁለት ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ይሁን። ብስክሌት ላይ ወሬ ካልተቻለ ምኑን ብስክሌት ሆነ?

አሁንም ትነጂዋለሽ ወይ ብዬ እጠይቅሻለሁ። አልመለስሽልኝም።

አብዱልዋሂድ


ቢቸና፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ አብዱልዋሂድ፣

እንኳን አደረስዎ አልልዎትም፤ በዓሉ የእኛ ነው፤ ግን እትዬ ዓሊማ ለገና ሁልጊዜ ዳቦ ይልኩልን ስለነበር በዓሉ የእናንተም ይመስለኛል። ዘንድሮ ይታያል ባዶ እጁን መጣ። አልተቀየምኩም።

ስብሰባው አለፈ። ሐሳቤን በደንብ ሰምተውኛል። የእትዬ ዓሊማን አባባል ሳነብ አቶ ስጦታው እንደገና አስነበቡኝ። ዝርዝሩን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ሌላ ነገር አለ። «ዓሊማ ሁልጊዜ ትል ነበር» ብለው ጽፈዋል። ያን ጊዜ ስለ ልጅነታቸው ስለሚያወሩ ነው ብዬ አለፍኩት። ሲመሽ ግን እንደገና አነበብኩት። ሁለት ደብዳቤ ጽፈውልኝ አንድም ቦታ «ዓሊማ ሰላም ትልሻለች» አላሉም። እሳቸው ሰላምታ ሳይልኩ የሚቀሩ ሰው አይደሉም። ይታያልን ጠየቅሁት። «እኔ ሾፌር ነኝ» ብሎ ጎማውን ያይ ጀመር።

ጋሼ፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ። የሆነው ሆኗል። «ነበር» ለምን አሉ?

አርሴማ


ሞጣ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አርሴማ፣

ይህን ደብዳቤ ይታያል በእጅሽ እንዳይሰጥሽ አዝዤዋለሁ። መጀመሪያ ለወይዘሮ ባንቺዓለም ይነግራቸዋል፤ እሳቸው በጠዋት ጎረቤት ይዘው ይገባሉ፤ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ነው። መርዶ በወረቀት አይነገርም። እንግዲህ ይህንን ስታነቢ አውቀሻል፤ ዙሪያሽም ሰው አለ።

ዓሊማ ነሐሴ 14 ቀን ወደ አኼራዋ ሄደች። ሦስት ቀን ብቻ ታመመች። ከቀትር በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በፊት ቀበርናት። ሰዉ ሁሉ መጣ፤ የአባትሽ ወዳጆች ካህናቱም ከኋላ ተከትለው መቃብሩ አጥር ድረስ ሸኟት። አላህ ይርሐማት።

ያኔ መንገዱ ዝግ ነበር። ይታያልን «አትንገራት፤ ከሰማች በእግሯ ትነሳለች» አልኩት። መንገዱ ሲከፈት ራሴ መጥቼ ልነግርሽ ነበር። ተከፍቶ እኔ ሳልነሳ ደብዳቤሽ ደረሰ። «እትዬ ዓሊማን ሁለት ጊዜ ይሳሙልኝ» ይላል። ልጄ፣ ከነሐሴ ወዲህ ዓሊማን እንደ አለች አድርጎ የጠራት ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ። እዚህ ሰው ስሟን ሲያነሳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንቺ ወረቀት ላይ ግን ጉልበቷን ያማታል፣ ሰላም ትባላለች፣ ትሳማለች። «ሞታለች» ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁ። እጄ «ደህና ናት» ብሎ ጻፈ። አንድ ወር ጨመርኩላት። ደግሞ ሌላ ወር።

የአገራችን መሪጌቶች አንዱን ቃል ሁለት ነገር ያናግሩታል። እኔ ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ ግን «ጉልበቷም አያማትም» ብዬ ስጽፍልሽ ሰሙን ላንቺ ሰጥቼ ወርቁን ለራሴ አስቀረሁ። ይህ ስስት ነው። እናትሽ ስትወልድሽ ካረፈች በኋላ ያሳደገችሽ ዓሊማ ናት። እርምሽን የማውጣት መብት ነበረሽ፤ አምስት ወር ሙሉ ወሰድኩብሽ።

ይቅር ባትዪኝም አልፈርድብሽም። ደብዳቤ ግን አትከልክዪኝ።

አብዱልዋሂድ


ቢቸና፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ አብዱልዋሂድ፣

ረመዳኑን በሰላም ያስፈጽምዎ። ቶሎ ያልመለስኩት ስለ ተቆጣሁ ነው። ደብዳቤ አልከለክልዎትም ለማለት አንድ ወር ፈጀብኝ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ወይዘሮ ባንቺዓለም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከኋላቸው ስምንት ዘጠኝ ሰው ቆሟል። ገና ሳይናገሩ አወቅሁ። ጋሼ፣ እናንተ ቤት ሰው ሲሰበሰብ እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣ ነበር። ለመስቀል ያልመጣሁት እሳቸው ከተቀበሩ በኋላ መሆኑን ሳስብ ራሴን እጠላለሁ፤ እርስዎንም ጠልቼዎት ነበር። ከዚያ «አንድ ወር ጨመርኩላት» የሚለውን እንደገና አነበብኩ። እኔም ብሆን እጨምርላቸው ነበር።

«ምንሽ ናቸው?» አሉኝ ለቀስተኞቹ። «እናቴ ናቸው» አልኩ። ማንም ሌላ አልጠየቀኝም። ሞጣን አይተዋት የማያውቁ ሰዎች ዓሊማ ለምትባል ሴት ሦስት ቀን ተቀመጡ። ዓመት ከግማሽ እዚህ ግቢ ስኖር የአብዛኞቹን ስም የሰማሁት በዚያች ሦስት ቀን ነው።

እንግዲህ እኔም የደበቅኩትን ልናገር። ስብሰባው ደህና አልነበረም። በዚያው ሰሞን ዋናው የውኃ መስመር ፈንድቶ ግማሹ ከተማ ጄሪካን ተሸክሞ ነበር። የመንገዱ ዕድሳት ቀረ፤ በጀቱ ወደ ቧንቧው ሄደ። እኔም ኃላፊ ብሆን ያንኑ እወስን ነበር። የምቆጣበት ሰው ስለሌለ ለማንም አልነገርኩም። ወረቀቶቼን ግድግዳዬ ላይ ለጥፌ ማታ ማታ አያቸው ነበር።

ሁለተኛው ደግሞ ይኸው። ብስክሌቱን አልነዳውም። ቢቸና እንደ መጣሁ አንድ ሳምንት ነዳሁት። አንድ ቀን ቢሮ በር ላይ ስወርድ ከኋላዬ «ባለሙያችን የባጃጅ ሒሳብ አጥታ ነው፤ የደመወዝ ቀን እስኪደርስ» ሲሉ ሰማሁ፤ ሳቁ። በማግሥቱ በእግሬ መጣሁ። ብስክሌቱን ከወይዘሮ ባንቺዓለም ጎተራ ኋላ አስገባሁት። ወለተ ሐናን «ለምን ትወርጃለሽ?» ብዬ የጠየቅኋት እኔ እንደዚህ ሆኜ ነው።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን የወይዘሮ ባንቺዓለም ወንድም የኔሰው፣ ግንበኛ ነው፣ ወረቀቶቹን ግድግዳው ላይ አይቶ «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። ማልቀሴን ትቼ ስለ ክዳኖቹ ነገርኩት።

«አሥራ አራት ክዳን ለማዞር ነው ይህ ሁሉ ወረቀት?» አለ። «የድጅኖ ሥራ እኮ ነው።»

አቶ ስጦታውን ጠየቅሁ። «ክዳን ማዞር በጀት አይጠይቅም፤ አዙሩት» አሉ። ቅዳሜ ዕለት የእድሩ ወንዶች ድጅኖ ይዘው መጡ። አንዳንዱ ክዳን በልክ አልገባ ብሎ የኔሰው ጠርዙን እየጠረበ አስገባው። እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ አራቱም ዞሩ። ሰዉ ቆሞ «ምን ተገኘ?» ይል ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ብስክሌቱ ላይ በግ አስሮ ከላዩ አለፈ፤ ቀና ብሎም አላየን። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማታ ቤቴ ስገባ ግን የምነግራቸው እትዬ ዓሊማ የሉም።

ብስክሌቱንም አወጣሁት። ለወለተ ሐና የእትዬ ዓሊማን አባባል ነገርኳት፤ በሳምንቱ ስድስት ልጆች ይዛ መጣች። ሜዳ አግኝተናል። ሁለት ብስክሌት ለሰባት ልጅ። እኔ ማስተማር አልችልበትም፤ አንዷን ጣልኳት፣ ክርኗ ተላጠ። ጋሼ፣ ዒድ ካለፈ በኋላ ይምጡ። ወይዘሮ ባንቺዓለም ክፍል አዘጋጅተዋል። ለአንድ ወር ይሁን፣ ለሳምንትም ይሁን። ይታያል ከፊት ያስቀምጥዎታል።

አርሴማ


ደብረ ወርቅ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አርሴማ፣

ይቅር በይኝ፤ አልመጣሁም። ይህንን ደብዳቤ ይታያል ያደርስልሻል።

ተነስቼ ነበር። ዒድን ብቻዬን ዋልኩ፤ ጎረቤት ምግብ ላከልኝ፤ ሁሉም ደግ ነው። ዛሬ ጠዋት ለጎማ ውስጥ የሚሆን ካለማዳሪያ፣ መፍቻና ሙጫ በከረጢት ይዤ ሱቄን ቆለፍኩ፤ ቤቴንም ቆለፍኩ። እስከዚህ ድረስ ደህና መጣሁ። ይታያል እዚህ ደብረ ወርቅ እህል የሚያራግፍበት አለው፤ እስኪጨርስ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። እዚያ ተቀምጬ ሳለ ልመለስ አልኩ። ሠላሳ ዓመት ከቤቴ ውጭ አድሬ አላውቅም። ዓሊማ ከሞተች ወዲህም ማታ ማታ የምገባው እሷ ወዳለችበት ቤት ይመስለኛል። አንድ ሌሊት ባዶውን ካደረ ግን ባዶ ቤት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ይታያልን ጠርቼ «እኔ በሞጣ መኪና እመለሳለሁ፤ ደብዳቤ ልጻፍና ስጣት» አልኩት። ወረቀቱንም ያመጣልኝ እሱ ነው።

ስለ ጆሮዬ ነግሬሽ አላውቅም። መዶሻ ስሰማ ኖሬ ከደከመ ቆይቷል። ሰው ያወራኛል፤ ዓሊማ አጠገቤ ሆና ቀስ ብላ ትደግምልኝ ነበር፤ ማንም አያውቅብኝም። አሁን የሚደግምልኝ የለም። ስለዚህ ለሁሉም ሰው «አዎ» እላለሁ። ሰው እንዴት ነህ ሲለኝም አዎ፣ ዘይት አለህ ሲለኝም አዎ። ቢቸና ብመጣ፣ ለማላውቀው አገር ሁሉ አዎ እያልኩ ልዞር ነው አልኩ።

እስከዚህ ጽፌ ሳለ የሻይ ቤቱ ባለቤት መጣች፤ በዕድሜ እንደኔ ናት። አንድ ነገር አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ሄደች፣ ተመለሰች፤ እንደገና አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ሦስተኛ ጊዜ ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ሥር ጮኸች፤ «አባት! አዎ አይደለም! የሞጣው መኪና መጥቷል፤ የቢቸናውም ሊነሳ ነው፤ ወዴት ነው የሚሄዱት?» ሻይ ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ቢቸና» አልኩ።

እኔ አላሰብኩትም፤ አፌ ነው ያለው። የሞጣው መኪና ሁለት ጊዜ ጡሩንባ ነፋ። በመስኮት አየሁት። ቆሜ እሮጣለሁ ብዬ ነበር፤ አልቆምኩም። አቧራውን አስነስቶ ሄደ።

አሁን ፈርቻለሁ። ያንን ቤት ዛሬ ማታ ማንም አይከፍተውም። ግን ስሟን ለእነዚያ ሰባት ልጆች ነግረሻቸዋል፤ እኔን ደግሞ ስለሷ የሚጠይቁኝ ነገር ይኖራል። ጮክ ብለው ይጠይቁኝ።

ይታያል ሞተሩን አስነስቶ መጣ፤ በሩ ላይ ቆሞ ደብዳቤውን ሊቀበለኝ እጁን ዘርግቷል። አልሰጠውም። እኔው ይዤልሽ እመጣለሁ።

አብዱልዋሂድ